አባቴ ከችግኝ መሸጫው የመረጡት

ሐዘን ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ሊሄድ ሲነሣ አንድ ምክር ጥሎ ይወጣል፤ «ወጣ ወጣ በሉ እንጂ፣ አየር ተቀበሉ» ይላል። ወዴት እንደሚወጣ የሚናገር ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ቂርያት ማላኪ ካለው ፎቃችን ሳይወርዱ ከረሙ። ይበላሉ፣ ይጸልያሉ፣ ስንጠይቃቸው በዕብራይስጥ «ቤሰደር፣ ቤሰደር»፣ ደህና ነኝ፣ ይላሉ። ቤሰደር ሁለት ጊዜ ከተደጋገመ ነገሩ ደህና እንዳልሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ።

የሙት ዓመቷ ሲቃረብ፣ መቃብሯ አጠገብ የምንተክለውን አበባ ይምረጡልን ብዬ፣ ገዴራ አጠገብ ወዳለ አንድ የችግኝ መሸጫ በመኪናዬ ወሰድኳቸው። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ኮፍያቸውን አደረጉ።

ቦታው ከፊት ለፊቱ የገጠር ቤት ጓሮ አስመስለው ያበጁት የአበባ አትክልት አለው፤ ጽጌረዳው ከላቬንደሩ፣ ላቬንደሩ ስሙን ከማላውቀው ቢጫ አበባ ጋር ተጠላልፏል፤ ማንም ያልተከለው እንዲመስል ብዙ ተደክሞበታል። ከኋላ ደግሞ ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ትንሽ ዱር አለ። እኔ ቀይ ይሻላል ነጭ እያልኩ ከጽጌረዳ ጋር ስማከር ቆይቼ ዘወር ብል አባቴ የሉም።

ዕብራይስጣቸው ከሰላምታ አያልፍም፣ ስልካቸውም ቤት ቀርቷል። በአትክልቱ መካከል እየተሯሯጥኩ ፈለግኋቸው። በመጨረሻ ያገኘኋቸው ዱሩ ውስጥ ነው፤ ትልቅ የሾላ ዛፍ ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። በቀብሯ ዕለት እንኳ ዕንባቸውን አላየሁም ነበር። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«እናትሽ አበባ አትወድም ነበር» አሉኝ።

«ታዲያ ምን እንግዛላት፣ አባ?»

«ይህን። ሾላ።»

«መቃብር ላይ ሾላ አያስተክሉንም እኮ።»

«ለመቃብሩ ማን አለሽ? ለአውቶቡስ መቆሚያው ነው።»

እናቴ ዕድሜዋን የሠራችው ያቭኔ ከተማ ነው፤ የከሰዓት ፈረቃ ነበረች። በእኩለ ቀን ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ጥላ የሌለው መቆሚያ ላይ ቆማ አውቶቡስ ትጠብቅ ነበር።

«ከበረንዳ አያታለሁ» አሉ አባቴ። «ሻሿን ወደ ግንባሯ ጎትታ ትቆማለች። አንድ ቀን እንኳ ወርጄ አብሬያት አልቆምኩም።»

ጽጌረዳውን ትቼ የሾላ ችግኝ ገዛሁ። ወንድሜ በስልክ ሲሰማ ተቆጣ፤ የሾላ ሥር የእግረኛ መንገዱን ይሰነጥቃል አለ። አባቴ «እስከዚያ መንገዱም ያረጃል» አሉና ስልኩን መለሱልኝ። የሕንፃውን ነዋሪዎች አስፈቅደን፣ ከመቆሚያው ጎን ባለችው የግቢያችን መሬት ላይ ተከልነው።

ሾላው ገና ከጉልበቴ አላለፈም፤ ጥላው ለአንዲት ድመት ቢበቃ ነው። አባቴ ግን በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ውሃ ይዘው ይወርዳሉ፤ አጠጥተው ሲጨርሱም አይመለሱም። አውቶቡስ የሚጠብቁት የአገራችን ሴቶች ከበው በአማርኛ ያጫውቷቸዋል። እሳቸውም እናቴን እንዴት እንዳገኟት፣ በምን እንደምትስቅ፣ ስትቆጣ እንዴት እንደምትሆን፣ ለእኛ ለልጆቿ አንድ ቀን እንኳ ያልነገሩንን ሁሉ ይነግሯቸዋል።

እኔም ሥራ በሌለኝ ቀን መኪናዬን አቁሜ፣ አውቶቡስ የምጠብቅ መስዬ ከሴቶቹ መካከል እቆማለሁ።