ከቀመሩ ጋር ያልተባበረ ገላ

የሰው ልጅ ስኳር ልሶ እንዴት በሕይወት እንደሚቆይ ሳይሰላለት ስንት ዘመን በከንቱ ኖረ! ደግነቱ በካሜሩን ዋና ከተማ ያውንዴ ላይ ፕሮፌሰር ኤቩና ተነሡ። የሰው ገላ ለኢንሱሊን ምን ያህል እንደሚታዘዝ የሚናገር ቀመር አወጡ። ሰውየውን በባዶ ሆድ ማስተኛት፣ ስኳር በደም ሥሩ መስጠት፣ ኢንሱሊን ማስከተል፣ ከዚያ በየጥቂት ደቂቃው ደም መቅዳት ነው፤ የቀረውን ቀመሩ ያውቀዋል።

ከጤና ሚኒስቴር እንግዶች ቀመሩ ሲሞከር ሊያዩ በመጡበት ጠዋት ግን ሊሞከርበት የፈቀደው ሰውዬ መርፌውን ሲያይ «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብሎ በዚያው ቀረ። ፕሮፌሰሩ «ሳይንስ መሥዋዕት ይጠይቃል!» ብለው እጅጌያቸውን ሰብስበው ራሳቸው ተጋደሙ። ተጨበጨበ።

ስኳሩ ገባ፤ ኢንሱሊኑም ተከተለ። ጥቂት ቆይቶ ግንባራቸው በላብ ተጠመቀ፤ ጣቶቻቸው ተንቀጠቀጡ፤ የሚኒስቴሩ ዳይሬክተር ሁለት ሆነው ታዩዋቸው።

«ቢሎአ፣ ስኳሬ ወርዷል!» አሉ ረዳታቸውን።

ዶክተር ቢሎአ ኮምፒውተሩን አየት አደረገ። «ኧረ አልወረደም ጌታዬ፤ ቀመሩ ደህና ነዎት ይላል።»

«የደም ስኳር መለኪያውን እየው!»

«እሱማ እንደ እርስዎ ወርዷል ይላል። ግን መለኪያና ቀመር ሲጣሉ ለቀመሩ ፍረድ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?»

«ጣፋጭ ነገር አምጣ፣ አንተ ደንቆሮ!»

«ጾሙ ከተሻረ እኮ ውጤቱ ይበላሻል። ትንሽ ይታገሡ፤ ቀመሩ እዚህ ኮምፒውተሩ ላይ የሣለው መስመር እንዴት እንዳማረ ቢያዩት!»

እንግዶቹ አንገታቸውን አስግገው መስመሩን አደነቁ። ኤቩና አፋቸው ተሳሰረ። እንዲህ በአድናቆት መሐል እሞታለሁ ብለው አስበው አያውቁም።

ለእንግዶቹ ፎሌሬ የሚሉትን ስኳር የበዛበት ቀይ የአበባ ጭማቂ ይዛ የገባችው ሚስታቸው ክሎቲልድ ናት ያየቻቸው።

«እናንተ ሰዎች፣ ባሌ እየሞተ እኮ ነው!»

«ማዳም፣ ቀመሩ...» አለ ቢሎአ።

«ቀመርህን በጥብጠህ ጠጣው!» አለችና ቀና አድርጋ አጠጣቻቸው።

ነፍሳቸው መለስ አለች። ፎሌሬው በሸሚዛቸው ላይ እየተንጠባጠበ ተነሥተው ቆሙ። መለስ ብለው የስንት ዓመት ልፋታቸውን፣ ያንን ያማረ መስመር አዩ፤ ሊክዱት አንጀታቸው አልቻለም።

«ክቡራትና ክቡራን፣ ቀመሩ አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ገላዬ ከሳይንስ ጋር ባለመተባበሩ ከጥናቱ አሰናብቼዋለሁ።»

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ዳይሬክተሩ እንባቸውን እየጠረጉ፣ ቀመሩ በየሆስፒታሉ ሥራ ላይ እንዲውል መመሪያ ሰጡ።

«በሽተኞቹስ?» አለች ክሎቲልድ።

«አይዞዎት ማዳም» አሉ ዳይሬክተሩ፤ «ያልተባበረ ይሰናበታል።»