አባ ይጠና ማጫወቻ ሲመርጡ

በየሰፈሩ ሳያጠና ምንም የማይገዛ አንድ ሰው አለ። እናንተ ሰፈር ከሌለ፣ ወይ ሰፈሩ ገና አልተሟላም፣ ወይ ሰውየው መጥረጊያ ሊገዛ ወጥቶ እስካሁን አልተመለሰም።

እኚህኛው ጡረታ የወጡ ሰዓት ሠሪ ናቸው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም አለ፤ የሚጠራቸው ግን የለም። ታላቅም ታናሽም «አባ ይጠና» ነው የሚላቸው። ምንም ነገር ቢጠየቁ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው «እሱ እንኳ ይጠና» ይላሉና።

ጃንጥላ የገዙ ጊዜ ሻጩን ከነጃንጥላው ቧንቧ ሥር አቁመውታል። ወንበር የገዙ ጊዜ እዚያው ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር አንብበውበታል፤ የሞት ማስታወቂያውም አልቀረ። ሚስታቸው «የልጃችንን ባል የመረጠው እሱ ቢሆን ኖሮ፣ ልጅቷ ዛሬም እኔ ጋ ድንች ትልጥ ነበር» ትላለች።

እውነቱን ለመናገር ግን ያ ጃንጥላ አሥራ ሁለት ክረምት አሳልፏል፤ አንድ ዘንግ አልታጠፈበትም። ወንበሩም እስካሁን ሲጥ አላለም። ሰፈርተኛው ሲስቅባቸው ይውልና፣ ምጣድም ሆነ ቁልፍ መግዛት ሲያምረው ሹልክ ብሎ የሚያማክረው እሳቸውን ነው። እሳቸውም ማንንም አይመልሱም። ደብተራቸውን ይዘው አብረው ይሄዳሉ።

ሚስትየዋን ያስመረራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሸክላ ማጫወቻው።

ወንድሟ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቱ ሞተ። ከእሱ የቀረላት አንድ ሸክላ ነው፤ ከሸክላው ላይ ደግሞ እሱ ብቻውን የተጫወተው አንድ ዜማ። እሱ በሞተ በዓመቱ ባልና ሚስቱ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ቤት ባለ እንጨት ሳጥን ማጫወቻ ገዙ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ እሁድ ከሰዓት ልብሱ ታጥቦ ከተሰጣ በኋላ፣ ወንበሯን ስባ ወንድሟን ታዳምጣለች።

የዛሬ ሁለት ዓመት የማጫወቻው ሞተር ሲያቃስት ሰነበተና ጸጥ አለ። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና «ሞተሩ ተቃጥሏል። በሌላ ልቀይረው ወይስ አዲስ ማጫወቻ ትገዛላችሁ?» አለ። ይህ ለሌላው ሰው ጥያቄ ነው። ለአባ ይጠና ግን ዩኒቨርሲቲ ነው።

«ይጠና» አሉ።

ተጠና። ደብተር ተሰመረ። በላስቲክ ቀበቶ የሚሽከረከረው ሞተሩ በቀጥታ ከሚያሽከረክረው በምን እንደሚሻል፣ መርፌው ሸክላው ላይ ስንት ግራም መጫን እንዳለበት፣ ክንዱ ቀጥ ያለ ይሁን ጎበጥ ያለ፣ ሁሉም በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ተጻፈ። የልጃቸው ባል ሊገላግላቸው ፈልጎ «አባባ፣ እኔ ዜማውን ስልክ ላይ እገለብጠዋለሁ። ኪስ ውስጥ ይገባል እኮ!» አላቸው።

«ልጄ፣ ለመገልበጥም መጀመሪያ የሚያጫውተው ያስፈልጋል» አሉት። ልጁ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

ከዚያ ሱቆቹን ማዳረስ ያዙ። ሸክላው የሚቀመጥበት ሰሃን ጠርዝ ላይ ጥፍር የምታህል ነጭ ወረቀት ይለጥፉና የኪስ ሰዓታቸውን ያወጣሉ። ወረቀቷ በፊታቸው ባለፈች ቁጥር ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጥራሉ። ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። «አይሆንም» ይላሉ። ይወጣሉ። በኋላ በኋላማ ሻጮቹ ከሩቅ ሲያዩዋቸው «መጡ!» ተባብለው፣ በሦስት ሰዓት ምሳ መውጣት ጀመሩ።

«ምኑ ነው የማይሆነው?» ትላለች ሚስት።

«አይሆንማ።»

አንድ እሁድ ግን ትዕግሥቷ አለቀ። የልብስ ማስጫ መቆንጠጫዎቹን ጠረጴዛው ላይ በተነቻቸው።

«አንተ አጥንተህ እስክትጨርስ እኔ ራሴ ሄጄ በአካል እሰማዋለሁ!»

«ኧረ ክፉ አትናገሪ!»

«ክፉ ነው? ዜማው እየጠፋኝ እኮ ነው። ትናንት ሳህን ሳጥብ ላንጎራጉረው ብዬ መሃሉ ላይ ቀረሁ። ቆሜ ባስብ ባስብ አልመጣም። ሌላ የሱ ነገር ምን አለኝ?»

አባ ይጠና ደብተራቸውን ከደኑ። መቆንጠጫዎቹን አንድ በአንድ ለቀሙላት።

በማግሥቱ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ብቻዋን ወደ ሱቅ ወጣች። ያገኘችውን ልትገዛ ቆርጣለች። ሻጩ ስለ ማጫወቻ ስትጠይቀው ትክ ብሎ አያት።

«እማማ፣ ባለ ደብተሩ ሰውዬ... የእርስዎ ናቸው እንዴ?»

«ዕድሌ ነው ልጄ።»

«አይቆጡኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሰው ዕቃ የማይወስደው ተበላሽቶ ሲያገኘው ነው። እሳቸው ግን ልክ ሲሆን ነው ጥለው የሚሄዱት። ይቆጥሩ ይቆጥሩና ‹ሠላሳ ሦስት ዙር ከሲሶ፤ ይሄም ልክ ነው› ብለው ፊታቸው ቅጭም ይላል። ባለፈው ጊዜማ ‹በደቂቃ ሁለት ዙር የሚዘገይ የለህም?› አሉኝ። በዕቃዬ ያሾፉ መስሎኝ ተቀይሜያቸው ነበር።»

ሚስትየዋ ቦርሳዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ በጣቷ አንዱን አመለከተች።

«ይሄ ልክ ነው?»

«ልክ ነው እማማ፤ እሳቸው ራሳቸው ቆጥረውታል።»

«አስርልኝ።»

እዚያ ቤት ሳይጠና የገባ የመጀመሪያው ዕቃ ያ ካርቶን ነው። አባ ይጠና በሩን ከፍተው ሲያዩት እንደ ትንሽ ልጅ ደነገጡ። ሚስትየዋ ካርቶኑን አስቀምጣ፣ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«የድሮው ይዘገይ ነበር?»

«በደቂቃ ሁለት ዙር።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«የገዛነው ዕለት።»

እንግዲህ እኚህ ሰው ማን ናቸው? ለቅሶ ቤት ገብተው የግድግዳው ሰዓት ግማሽ ደቂቃ ቢዘገይ፣ ሐዘንተኛውን አስፈቅደው ወንበር ላይ ወጥተው የሚያስተካክሉ ናቸው። እሳቸው ናቸው በገዛ ሳሎናቸው ሁለት ዙር ሲጎድል ሠላሳ ዓመት ዝም ያሉት።

«ፍጥነቱን የምታስተካክል አንዲት ብሎን ብቻ ነበረች» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «ላጠብቃት ክዳኑን ከፍቼ ሳለ መጣሽና ‹እስቲ ወንድሜን አሰማኝ› አልሽኝ። እንዳለ አሰማሁሽ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ስታዳምጪ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደሽ። እሱ ከሞተ ወዲህ ተኝተሽ አላየሁሽም ነበር። ክዳኑን መልሼ ዘጋሁት። አሁን ልክ በሚዞረው ላይ ወንድምሽ ሌላ ሰው ሆኖ ቢመጣብሽስ? ልክ የሆነውን ገዝቼ በገዛ እጄ ማዛባት ደግሞ አልሆነልኝም። እንዲያው የሚዘገይ አንድ እንኳ ይጠፋል? ሁሉም ልክ፣ ሁሉም ልክ!»

በልክነት እንዲህ የተማረረ ሰዓት ሠሪ አይታ አታውቅም። ልትቆጣቸው አስባ የመጣችውን ሁሉ ትታ፣ ካርቶኑን ወደ እሳቸው ገፋችው።

«በል ግጠመው» አለች።

ገጠሙት። ሥራቸውንስ ማየት ነው! ሰሃኑ እንዳያዘነብል ውሃ በብርጭቆ አድርገው መሃሉ ላይ አስቀመጡና አንገታቸውን ሰብረው አዩ። የመርፌውን ክብደት በዚያች የሰዓት ዕቃ በሚመዝኑባት ሚዛን ለኩ። ሸክላውን በጠርዙ ብቻ ይዘው፣ ጨቅላ እንደሚያስተኛ ሰው አስቀመጡት።

ወንድምየው መጣ። ቀጠን ብሎ፣ ፈጠን ብሎ፣ እየተንደረደረ። ሚስትየዋ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ማነው ይሄ? እጇ ወደ ደረቷ ሄደ። አባ ይጠና ብሎን መፍቻቸውን አንስተው፣ ትእዛዝ እንደሚጠብቅ ሎሌ ማጫወቻው አጠገብ ቆሙ።

«ላዘግየው? ከፍቼ ላዘግየው እችላለሁ።»

«ተው! እንዳትነካው!» ፊቷ በራ። «እሱ እኮ ነው! ሻይ እስኪበርድ አይጠብቅም ነበር እኮ። አንዱን እግሩን ብቻ ተጫምቶ በር የሚወጣ! እናታችን ‹ቀስ በል› እያለች ነው ያሳደገችው። እኛ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሽማግሌ አድርገን አኖርነው!»

እየሳቀች እንባዋ ወረደ። የጠፋት የዜማው መሃል መጣና በጣቷ ጉልበቷን እየመታች አብራው አለፈችው። ከዚያ ዜማው አለቀና መርፌው ባዶውን መንገድ ሽርር ይል ጀመር።

አባ ይጠና ሰዓታቸውን ይዘው ኖሯል።

«ሦስት ደቂቃ ከአርባ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በድሮው ሦስት ከሃምሳ አራት ነበር። አሥራ አራት ሰከንድ አጎደልኩብሽ።»

ቀና ብላ አየቻቸው። ጫማቸው በየሱቁ ደጃፍ አልቋል። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው መሳቂያ ሆነው፣ የእሷንም ቁጣ ችለው የዞሩት፣ ለካ እነዚያን አሥራ አራት ሰከንዶች ሊያተርፉላት ኖሯል።

«ታዲያ ድገመዋ!» አለቻቸው።

ሰዓታቸውን ኪሳቸው ከተቱና፣ ክንዱን አንስተው ወደ ዳር መለሱት።