የግመል አንገት ፍቺ

«መፍታት» የሚለውን ቃል እወደዋለሁ። ምን ማለት ነው ብትሉኝ፣ አልገባ ያለ ጽሑፍን ገላልጦ ማስረዳት ነው እላችኋለሁ። አጠቃቀሙ ግን እንደየዘመኑ ነው። ቅኔ የሚፈታው ሊቅ፣ የሐኪም ጽሑፍ የሚፈታው መድኃኒት ሻጭ ነው። በደርግ ጊዜ፣ በእኛ በድሬዳዋ፣ የቀበሌያችን ካድሬ የማይፈታው ጽሑፍ አልነበረም። ያልተጻፈውን ጭምር።

አዴ ሞሚና ከከተማው ውጭ ካለው ከቢዮ አዋሌ በግመል ማገዶ እያመጣች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። አንድ ቀን የደቻቱን ወንዝ እንደተሻገረች ከነግመሏ ተያዘች። ካድሬው ከደጋ በቅርቡ የመጣ ሰው ነው፤ ግመሉ አንገት ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ ክብ፣ በክቡ ውስጥ ደግሞ ሁለት ሰረዝ አየና የፀረ አብዮት ምስጢራዊ ጽሑፍ ነው ብሎ ቁጭ አለ። ቀበሌው በር ላይ ማመልከቻ እየጻፍኩ ስለምተዳደር፣ ፊደል ያውቃል ተብዬ እንድፈታ ተጠራሁ።

በቅድሚያ አዴ ሞሚናን ጠየቅኋት።

«አቦ፣ የቤታችን ምልክት ነው እኮ! የአባቴም ግመሎች ይኸው ነበራቸው።»

ካድሬው በሐዘኔታ ፈገግ አለ። ይኼ ላይ ላዩ ነው፣ እኛ የምንፈልገው ውስጡን ነው አለኝ። እውነቱን ነው፤ የግመሉ ባለቤት የምታውቀውን ነገር ማን ፍቺ ይለዋል? ካልተፈታ ሴትዮዋም ግመሉም ወደ በላይ አካል እንደሚላኩ ጨመረልኝ። ወደዚያ የተላከ እንዴት እንደሚመለስ ለእናንተ አልነግራችሁም።

መነጽሬን ጠረግሁ። ግመሉን ዞርኩት። አንገቱን በጣቴ ዳሰስኩ፤ እሱም እንደ ሊቅ እያመነዠከ ጠበቀኝ።

«ጓድ፣ ክቡ የሰፊው ሕዝብ አንድነት ነው። ሁለቱ ሰረዞች ወዛደሩና አርሶ አደሩ ናቸው።»

ካድሬው ቆቡን አወለቀ።

«ጠርጥሬ ነበር» አለ።

ግመሉ በክብር ተለቀቀ። ምልክቱም ብዙ ሳይቆይ በቀይ ቀለም ቀበሌው በር ላይ ገዝፎ ተሳለ። ጠርጣሪን ሲፈጥር የሚያምን ልብ አብሮ የሰጠውን አምላክ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

አዴ ሞሚናም አንድ ጭነት ማገዶ ቤቴ ድረስ አወረደችልኝ። ከዚያ እኔ ወደምቀመጥበት ወደ ቀበሌው በር መጣችና ሥዕሉን ቆማ አየችው።

«ወላሂ፣ በእኛ ዘንድ ይኼ ያለበት ሁሉ የእኛ ነው» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ታዲያ ይኼን ግቢ ከነሰዎቹ ለምን አትነጂውም አልኳት።

«ይቅርብኝ አቦ» አለች፣ የግመሏን ገመድ እየሳበች። «ማን ይቀልበዋል?»