የአንገቴ ፍላሽ

ተረትና ምሳሌ የሚያስተምር ሰው ራሱ ተረት እንዳይሆን መጠንቀቅ አለበት። ከጎጃም ቆቦ ተመድቤ ስመጣ ግን ይህን የነገረኝ የለም። አማርኛ አስተምራለሁ፤ የተማሪ ውጤት መዝጋቢም እኔው ነኝ። ሰው ጠፍቶ እንጂ እኔና ኮምፒውተር ገና በደንብ አልተዋወቅንም።

ባለፈው ዘሀራ የምትባል ተማሪዬ ትራንስክሪፕት ልትወስድ መጣች። ነገ ወልድያ ኮሌጅ ካልተመዘገበች ዓመቱ አለፋት። ሽማግሌውን ኮምፒውተር ብከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም እያለች ቀረች። የአራት ዓመት ውጤት እኮ ነው። ወረቀቱስ? እሱንማ ዘመናዊ ሆነናል ብለን ካስወገድነው ቆየን።

ኮምፒውተሩን እንደ በሽተኛ ታቅፌ፣ ዘሀራን አስከትዬ፣ በባጃጅ የኮምፒውተር ጠጋኙ ሰይድ ሱቅ ደረስኩ። ሰይድ ዲስኩ ታመመ እንጂ እንዳልሞተ፣ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭኖ ኮምፒውተሩን በዚያ እንደሚያስነሳው ነገረኝና ፍላሽ ጠየቀኝ። ፍላሼን ከቁልፌ ጋር እንደ ክታብ አንገቴ ላይ አስሬ ነው የምዞረው፤ አውልቄ ሰጠሁት። ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ የምፈልገው ነገር እንዳለ ጠየቀኝ። የጨነቀው ሰው ምን ያስታውሳል? ምንም የለም፣ ቶሎ በል አልኩት።

ሽማግሌው ኮምፒውተር ፍላሹን እስኪቀበል ሦስት ጊዜ ተነጫነጨ። ከዚያ ፍለጋው ተጀመረ፤ ሦስት በመቶ፣ ቆይቶ አራት። የቆቦ ሙቀት የታወቀ ነው፤ የእኔ ላብ ግን የሙቀት አልነበረም። መብራት ቢሄድስ? የጎረቤት ወፍጮ በተነሳ ቁጥር አምፖሉ ሲደበዝዝ ልቤም አብሮ ይደበዝዛል። የማውቃቸውን ታቦታት ሁሉ ጠራሁ። ሰይድ፣ "አብሽሩ መምህር፣ አላህ ያውቃል" ይለኛል። እሱ ማወቁን መች ተጠራጠርኩ፤ የጨነቀኝ እኔ አለማወቄ ነው። ዘሀራ ጥፍሯን ትበላለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፋይሉ ተገኘ። ሰይድ ወደ ራሱ ዲስክ ገልብጦ ከፈተልኝ። የዘሀራ ውጤት አለ፦ ዘጠነኛ፣ አሥረኛ፣ አሥራ አንደኛ። አሥራ ሁለተኛ ባዶ ነው።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። የአሥራ ሁለተኛን ውጤት በሰው ላፕቶፕ ፍላሼ ላይ መዝግቤ፣ ነገ እገለብጠዋለሁ እያልኩ ሳምንት ሙሉ አንገቴ ላይ ተሸክሜው ዞሬያለሁ።

ምን ላድርግ፣ ተናዘዝኩ። ሰይድ ከፍላሹም ላይ ፍለጋ እንሞክር ብሎ፣ ለማስነሻ የሚሆን ሌላ ፍላሽ እንዳለኝ ጠየቀኝ። ዘሀራ እንባ ባቀረረው ዓይኗ ትክ ብላ አየችኝ።

"መምህር" አለችኝ፣ "'የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች' የሚለውን በምሳሌ አስረጂ ብለው ዜሮ የሰጡኝ ትዝ ይልዎታል? አሁን ምሳሌ አለኝ።"