አባ ኮምፕሬሰር ጀይላን የወይዘሮ ሱዓድን ፒክአፕ የአየር ሴንሰር እንደ ቀየሩ

ቤንዚን በወረፋ በሚቀዳበት ዘመን፣ የወይዘሮ ሱዓድ ነጭ ፒክአፕ በጨፋ ሜዳ በነገሠች በሠላሳኛው ዓመት፣ በወርኃ ግንቦት፣ በዕለተ ሰኞ፣ የከሚሴ መካኒኮች አለቃ፣ የብሎን ጠላት፣ የካቻቢቴ ጌታ፣ የፈረስ ስማቸው አባ ኮምፕሬሰር የሆነው ጀይላን ለታላቅ ሥራ ተነሡ። የተነሡትስ በአፋቸው ነው፤ በእግራቸው ገና ነበሩ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው፤ ወይዘሮ ሱዓድ በየማለዳው ከጨፋ ሮቢት ወተት እየጫነች ለከሚሴ ሻይ ቤቶች ታደርስ ነበር። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካው አሮጌ ሴንሰር፣ በነፋስ የምትከፈተው በሩ ተጣብቃበት መኪናይቱ ቆመች፤ ወተቱም በጋሪ እየመጣ በቆላ ፀሐይ ረግቶ ይደርስ ጀመር። ሻይ ቤቶቹም «እስከ ሐሙስ ትኩስ ወተት ካልመጣ ወደ ዱቄት ወተት እንዞራለን» ሲሉ ዐወጁ።

ወእምዝ በር የሌለው፣ አየርን በጋለች ቀጭን ሽቦ የሚለካ አዲስ ዓይነት ሴንሰር ከአዲስ አበባ መጣ። ከተማው በሁለት ቋንቋ ሲነግድ ሞተሩ የአሮጌውን ሴንሰር ቋንቋ ብቻ ይሰማ ነበርና፣ የምታስተረጉምለት ትንሽ ሳጥንም አብራ መጣች። ወይዘሮ ሱዓድ ግን ጀይላንን ስለምታውቅ ሴንሰሩን ሁለት አስመጥታ አንዱን ደበቀች።

ጀይላንንም የተከተሉ እነዚህ ናቸው፤ ሪድዋን ባለ ፒንሳ፣ ሙጂብ ባለ ባትሪ፣ ሦስት ባጃጅ ነጂዎች፣ ምንም ያልያዙ አራት አማካሪዎች፣ መንገድ ሊጠይቅ ገብቶ በዚያው የቀረ አንድ መንገደኛ። ዱዓ ተደረገ፤ ሠራዊቱም የረጋውን እርጎ እየጠጣ እስከ ረቡዕ ሰፈረ። ሥራው በዘገየ ቁጥር እርጎው ይበዛ ነበርና የሚቸኩል አልተገኘም። እኔ ጸሐፊውም፣ አልዋሽም፣ ሁለት ጣሳ ጠጥቻለሁ።

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ጀይላን ሴንሰሩን ከካርቶኑ አወጡ። በእርሳቸው ጋራዥ ማናቸውም ዕቃ፣ አዲስም ቢሆን፣ በኮምፕሬሰር ሳይነፋ አይገጠምምና ነፉት፤ ከፀጉር የቀጠነችው ሽቦም ብጥስ አለች። ጀይላንም «ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው ነው» ብለው ዐወጁ፤ ሠራዊቱም አሜን ብሎ ጣሳውን ሞላ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ የወይዘሮ ሱዓድ አዋጅ ወጣ፤ «ያልሰማህ ስማ። ቀደር አይደለም፣ ኮምፕሬሰር ነው። ወላሂ፣ ዛሬ የኮምፕሬሰሩን ጎማ የነካ እጁን አያገኘውም። እርጎም አለቀ፤ የጠማው ቤቱ ሄዶ ውኃ ይጠጣ።» ይህን ብላ ሁለተኛውን ሴንሰር ለጀይላን ሰጥታ እርሷ ኮምፕሬሰሩ ላይ ተቀመጠች።

እርጎ ማለቁ በተሰማ ጊዜ ሠራዊቱ ተፈታ፤ ያ መንገደኛ እንኳ መንገዱን አገኘ። ጀይላንም ብቻቸውን ቀርተው ሁለት ብሎን አጠበቁ፣ ሶኬቱን በአስተርጓሚዋ ሳጥን በኩል ሰኩ፤ ሞተሩ በሩብ ሰዓት ተነሣ። ፀሐይ ሳትበረታም ትኩስ ወተት ከሚሴ ገባ፤ የዱቄቱ ጣሳ ሳይከፈት ቀረ።

እንግዲህ ሦስት ቀን ሠራዊት በሰው ወተት ያጠገቡ፣ አዲሱን ከአሮጌው አስቀድመው የሰበሩ፣ በአራተኛውም ቀን መሣሪያቸው ላይ ቢቀመጡባቸው መካኒክ ሆነው የተገኙ አባ ኮምፕሬሰር ጀይላን ዝናቸው ከጨፋ እስከ ሰንበቴ ይሰማ። የጨፋ ላሞችም ያመስግኗቸው፤ ከሰው ወገን ያመሰገናቸው የለምና።