ክቡር አይነገርም

ያ ሰኔ ግድግዳውን ሳይቀር የሚያልበው ሰኔ ነበር። ሰው መጣላት እንኳ ደክሞት ጥላ ጥላውን ይሄዳል። ቬንቲሌተሬ የቆመው፣ ኢንጂነር ሳሚርም ለእረፍት የመጣው ያኔ ነው።

በየሰፈሩ ሥራውን የማይናገር አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው ሳሚር ግን የሁሉም አለቃ ነበር። የጎረቤቴ የኢፍራህ ልጅ ነው፤ እናቱ ስትሞት «ኤዶ»፣ አክስቴ እያለኝ እኔው ጋ አደገ። ተምሮ አንድ ትልቅ የመከላከያ ቴክኖሎጂ ድርጅት ገባ፤ ከዚያ ወዲያ አፉ ተቆለፈ።

«ምንድነው የምትሠሩት?» ስለው፣ «አይነገርም ኤዶ።»

«ቢሮህስ ፎቅ ነው ምድር?»

«አይነገርም።»

«አቦ፣ ምሳ ምን በላህ?»

አሰብ አደረገና፣ «እሱም ይቅር» አለኝ።

የከዚራ ሰፈር ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ «ክቡር አይነገርም» ይሉት ጀመር። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

በዚያው ሰኔ ሽማግሌ ይዘን ፊልሳንን ልንጠይቅለት ሄድን። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ነው የሚወዳት። አባቷ ሀጂ ዳሂር ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ አንዲት ጣቃ እንኳ ጫፍ እስከ ጫፍ ሳይዳስሱ አይቀበሉም። «ልጁ ራሱ ይምጣ» ስላሉ ይዘነው ገባን።

«ምን ትሠራለህ ልጄ?»

«ኢንጂነር ነኝ።»

«እሱንማ ሰማሁ። ምን ትሠራለህ?»

«አይነገርም፣ ሀጂ።»

ሽማግሌዎቹ ምንጣፉን ማየት ያዙ። ዝምታውን አልቻልኩትም። «ፈንጂ ነው የሚሠራው!» አልኩ፣ ክብር የጨመርኩለት መስሎኝ። «ራሱ ነግሮኛል፣ ወላሂ!»

ሀጂ ዳሂር ሻያቸውን አስቀመጡ። «ሰው የሚገድል ነገር ሲሠራ ውሎ ልጄ ጋ የሚገባ አማች አልፈልግም።»

ሳሚር ዞሮ አየኝ። «እሷ ምንም አታውቅም» ቢል ለራሱ ይተርፍ ነበር፤ እኔ ግን በሽማግሌ ፊት በሐሰት የማልኩ ሆኜ እቀራለሁ። ትንፍሽ አላለም።

በማግስቱ ቬንቲሌተሬን ፈታቶ ጠገነልኝ።

«ሳሚሬ፣ ሄጄ እውነቱን ልንገራቸው?»

ብሎኑን እያጠበቀ፣ «ተይው ኤዶ። ይሄም አይነገርም።»

ተውኩት። ሙቀቱ ይብረድ፣ ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ ስል፣ ፊልሳን ጅግጅጋ ተዳረች። ስንት ዓመት የሳቅሁበት አፍ የእኔን ገመና እንደያዘ ቀረ። ቬንቲሌተሩ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ በዞረ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

ሳሚር ባለፈው ኢድ ሲደውልልኝ አዳማ ነበር፤ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ብቻውን።