ለኤልመር የሞላናቸው ጥይቶች

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ሁለት ሥራ ይጠብቀናል፤ መቅበርና መንገር። መቅበሩን እናውቅበታለን። ጠዋት የሞተ ፀሐይ ሳትጠልቅ አፈር ይለብሳል፤ ከቀብር መልስ እጃችንን ታጥበን ንፍሯችንን እንዘግናለን፤ አለቀ። መንገሩ ግን ወር ይፈጃል፤ አንዳንዴም ዓመት። ሟች ሩቅ አገር ልጅ ካለችው «ሥራ መጀመሯ ነው፣ ትንሽ ትደላደል»፣ «ነፍሰ ጡር ናት፣ ትገላገል»፣ «ክረምቱ ይለፍላት» እየተባለ ቀን ይቀጠራል። እናንተም ከዚህ አንዱን ሳታደርጉ ወይም ሳይደረግባችሁ አልቀረም። እኔ አባቴ ከሞተ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ «ደህና ነው፣ ጉንፋን ድምፁን ዘግቶት ነው ስልክ ላይ የማይመጣው» ስባል፣ ለጉንፋኑ መድኃኒት ገዝቼ የላክሁ ሴት ነኝ። መድኃኒቱን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

ታዲያ ይህ የደረሰበት ሰው በሌላው ላይ አይደግመውም ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ እል ነበር።

ዘመኑ ዘጠናዎቹ ነው። ሚኒሶታ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ሲዋርድ ሰፈር እየኖርኩ ሮዝቪል የምትባል ከተማ ውስጥ አርቪድ የሚባሉ ብቸኛ ሽማግሌ እረዳለሁ። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም፣ ጆሯቸው ከብዷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ለልባቸው መድኃኒት ይውጣሉ። እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው በአፌ «ዩ» እያልኩ በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ። የሥራዬ ወረቀት ማጠብ፣ ማብሰል፣ መድኃኒት ማስታወስ ይላል። ጥይት መሙላት የሚል የለበትም።

የጥይቱ ነገር እንዲህ ነው። የአርቪድ አባት ሲሞቱ ለሁለት ወንዶች ልጆቻቸው አንድ ውርስ ለሁለት ከፍለው ትተዋል። ለታናሹ ለኤልመር ጠመንጃውን፤ ከቃታው ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታች ገፍተው ወደ ላይ ሲመልሱት ጥይት የሚጎርስ፣ የጥንት ጠመንጃ። ለታላቁ ለአርቪድ ደግሞ ጥይት መሥሪያውን፤ እርሳስ ማቅለጫውን፣ ቅርጽ ማውጫውን፣ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር መጫኛ ብረቱን። የዚያን ጠመንጃ ጥይት የሚሠራ ፋብሪካ ከቀረ ዘመናት አልፈዋል። እንግዲህ አንዱ ያለ ሌላው አጋዘን ማደን አይችልም ማለት ነው። አባትየው ልጆቼ እንዳይለያዩ ብለው ያደረጉት ይመስለኛል። ብልህ ሰው ነበሩ፤ ግን ልጆቻቸውን በደንብ አላወቋቸውም።

አንድ መኸር ኤልመር አጋዘን ይስታሉ። ሲመለሱ «ጥይትህ ነው የሳተው» ይላሉ። አርቪድ ደግሞ አርባ ዓመት አንድ በአንድ መዝነው የሞሉት ጥይት ነው። «ዓይንህን ታከም» ይላሉ። በዚህች ምክንያት ሁለት ወንድማማቾች አሥራ አንድ ዓመት ሳይነጋገሩ ቀሩ። አትሳቁ፤ በአንዲት የድንበር ዛፍ ሃያ ዓመት የተኳረፉ ዘመዶች አሉኝ።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ከኤልመር ፖስት ካርድ መጣ። ጽሕፈቱ ደቃቅ ሆኖባቸው ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። «አንድ ሣጥን ሙላልኝ። ቅዳሜ ሳምንት ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ። ያኔም ዓይኔ ነበር» ይላል። ሦስቴ አስነበቡኝ። ከዚያ «ምድር ቤት አውርጂኝ» አሉ።

ሃያ ጥይት ብዙ አይደለም፤ ለሚንቀጠቀጥ እጅ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ እሳቸው ዓይንና አፍ፣ እኔ እጅ ሆንን። ድሮ የተተኮሰውን ቀለሃ እወለውላለሁ፣ ቂጡ ላይ ያለችውን ያረጀች የእሳት ቆብ አውጥቼ አዲስ አስገባለሁ፣ ባሩዱን በትንሽ ሚዛን መዝኜ አፈሳለሁ። እያንዳንዱን ቀለሃ ወደ መብራት አዘንብዬ አሳያቸዋለሁ። ሳይሞላ የቀረ ጥይት ያዋርዳል፤ ሁለቴ የተሞላ ግን ጠመንጃውን ከነተኳሹ ይዞ ይሄዳል ይሉኛል። በመጨረሻ እርሳሱን እገጥማለሁ። ጫፉ ዱልዱም ነው። ለምን ሹል እንዳልሆነ ስጠይቅ፣ በዚያ ጠመንጃ ውስጥ ጥይቶቹ ቱቦ ውስጥ ፊትና ኋላ ተሰልፈው ስለሚቆሙ፣ የኋለኛው ጫፍ ሹል ከሆነ የፊተኛውን ቆብ ወግቶ እዚያው ያፈነዳዋል አሉኝ። ሲገባኝ ደስ አለኝ። እኔም መርዶን የማውቀው እንደዚያ ነው፤ ጫፉ ደንዝዞ፣ ቀስ ብሎ፣ ከጎን የሚደግፍ ሰው ይዞ።

እስከ ሰኞ ስምንት ጥይት ሞልተን፣ ማክሰኞ ዘጠነኛውን ልንጀምር ስንል ስልክ ጮኸ። ላይ ወጥቼ አነሳሁ። ዶሪስ ነበሩ፣ የኤልመር ባለቤት። «ኤልመር ዛሬ ጠዋት አረፈ። ልቡ ነው። ለአርቪድ ንገሪው» አሉና ሌላ የሚደውሉለት ሰው እንዳለ ተናግረው ዘጉት። ድምፃቸው ስለ ዝናብ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር።

ወረድኩ። አርቪድ «ማን ነው?» አሉ። «የተሳሳተ ቁጥር» አልኩ። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፤ ምናልባት ከእናቴ ወተት ጋር የጠጣሁት ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ለጋሽ አበራ ደወልኩ። ጋሽ አበራ በቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሲሞት ነጋሪው እሱ ነው፤ በሥራው መኪና ማቆሚያ ይጠብቃል።

«ጋሼ፣ መርዶ አለብኝ» አልኩት።

«የማን?»

«የምረዳቸው ሽማግሌ ፈረንጅ። ወንድማቸው ሞቱ።»

«ፈረንጅ መርዶ አለው እንዴ?»

«ሰው አይደሉም?»

«ነው እንጂ። ልቡስ?»

«መድኃኒት ይወስዳሉ።»

«እንግዲያው ብቻሽን እንዳትነግሪው። እኔ እስከ አርብ ደብል ሺፍት ነኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት ኦፍ ነኝ። እስከዚያ ስልኩን ኮንትሮል አድርጊ። ለመሆኑ ሰውዬው ተቀበረ?»

«ጠዋት ነው የሞቱት። እስካሁን መቼም ተቀብረው ይሆናል» አልኩ።

«በቃ፣ የሚያመልጠው ነገር የለም» አለኝ።

ሁለታችንም እዚህ አገር ቀብር ላይ ቆመን አናውቅም። የሁላችንም ሟቾች የሚሞቱት እዚያ ነው።

ረቡዕ ሞላን፣ ሐሙስ ሞላን። አርቪድ እንደዚያ ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ኤልመር ልጅ ሳለ ሐይቁ ላይ በረዶ ሰብሮ እንደገባ፣ እሳቸው በሱሪያቸው ቀበቶ ጎትተው እንዳወጡት፣ ለእናታቸው ሳይናገሩ ልብሱን ምድጃ ላይ እንዳደረቁ ነገሩኝ። «እናቴ ሳታውቅ ሞተች» ብለው ሳቁ። ስልኩ ሐሙስ ሁለት ጊዜ ጮኸ። ለቅሶ ሊደርስ የሚደውል ሰው ነው፣ ጉድ ያፈላብኛል ብዬ አልወጣሁም። እሳቸው አልሰሙም። የሣጥኑን ወረቀት እንድጽፍ ሰጡኝ፤ የባሩዱን ልክና ቀኑን ጻፍኩ። «ለኤልመር ብለሽ ጨምሪበት» አሉ። ያን ስም ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ። «ያንቺም ጀመረ?» ብለው አሾፉብኝ። ላይ ወጥቼ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ። የማላውቀውን ሰው ነው ያለቀስኩት፤ ወይም አባቴን።

አርብ ሃያኛውን ጨረስን። ስምንቱን በሕይወት ላለ ሰው፣ አሥራ ሁለቱን ለሞተ ሰው ሞላን፤ ልዩነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ረፋዱ ላይ ፀጉራቸውን እንዳስተካክል ለመኑኝ። «ኤልመር አርጅተሃል እንዳይለኝ» አሉ። አንገታቸው ላይ ፎጣ አስሬ ከረከምኳቸው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ጋሽ አበራ ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ ሁለት የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እኔ ከኋላቸው፣ በሩ ላይ ቆምን። የጎረቤት መጋረጃ ተንቀሳቀሰ። ደወሉን ስንደውል ውስጥ በምርኩዝ የሚሮጥ እግር ሰማሁ። አርቪድ በሩን ከፈቱ። ጢማቸውን ተላጭተዋል፣ ክራቫት አስረዋል። ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ ዛሬም አየዋለሁ። ከኛ አልፈው መንገዱን ተመለከቱ፤ የኤልመርን መኪና ፍለጋ።

«ቤተ ክርስቲያን አለኝ፣ አመሰግናለሁ» አሉ ለጋሽ አበራ፤ ሰባኪ መስሏቸው ነው።

ገባን፣ ተቀመጥን። ጋሽ አበራ እንደ ወጉ ከሩቅ ጀመረ፤ ጤና ጠየቀ፣ ዓለም ኃላፊ ናት አለ፣ ማንም እዚህ አይቀርም አለ። እኔ እተረጉማለሁ። አርቪድ ወደ እኔ ዞር ብለው «ቲሩ፣ ምን ሊሸጥልኝ ነው?» አሉ። ጥሩወርቅ ማለት ከብዷቸው ነው እንዲህ የሚሉኝ። ከዚያ በላይ መጎተት አልቻልኩም።

«ኤልመር ሞተዋል» አልኩ።

እናቶቹ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ፤ የእውነት ልቅሶ፣ ለማያውቁት የሚኒሶታ ገበሬ። አርቪድ አላለቀሱም። «መቼ?» አሉ።

«ማክሰኞ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አዩ። ተነስተው ስልኩን አነሱ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ የዶሪስ ድምፅ ለደንቆሮ ጆሮ ተብሎ ከፍ ብሎ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። ቀብሩ ትናንት ረፋድ ነበር። ሐሙስ ሁለቴ የደወሉት ሰዓቱን ለመንገር ነው። የፊት ወንበር ለታላቅ ወንድም ተብሎ ባዶውን ጠብቆ፣ ጸሎቱ ሲጀመር ጎረቤት ተቀመጠበት። «እስከ መቃብሩ ድረስ ቂም ያዝክበት ብለን አዘንን አርቪድ» አሉ። «ለልጅቷ ነግሬያት ነበር።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ኤልመር ሦስት ቀን ሙሉ ሳይቀበሩ ወንድማቸውን እየጠበቁ ነበር፤ እኔ አርቪድን ምድር ቤት ይዣቸው። አሁን ስሜን ይጠራሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ሥራዬም እዚያው ላይ ያበቃል።

«ነግራኝ ነበር» አሉ አርቪድ። «ጆሮዬ ነው። አልሰማሁም።»

ስልኩን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ። «ለምን?» አሉ። እኛ ዘንድ በዕለቱ እንደሚቀበር፣ መርዶ ለብቻ እንደማይነገር፣ የአባቴንም ስምንት ወር እንደደበቁኝ ነገርኳቸው።

«ስምንት ወር» አሉ። «ስትሰሚ ደስ አለሽ?»

«አላለኝም።»

«ታዲያ?»



ጋሽ አበራ ግን የመጣውን ሥራ ሳይጨርስ የሚሄድ ሰው አይደለም። «ለቅሶ ቤቱ የት ነው?» አለ። በአሮጌ ቫኑ ሁላችንንም ጭኖ ወደ ሰሜን ሦስት ሰዓት ድራይቭ አደረገ፤ አርቪድ ከፊት፣ ሣጥኑ ጭናቸው ላይ። ዶሪስ በሩን ሲከፍቱ እናቶቹ ልቅሷቸውን እንደ አዲስ ጀመሩ። በቀብሩ ዕለት አንድ ዘለላ እንባ አላወጡም የተባሉት ዶሪስ እናቶቹ መሐል ተቀምጠው እስኪደክማቸው አለቀሱ። ጠመንጃው ኩሽናው በር ጀርባ ቆሞ ነበር። ኤልመር ሰኞ ማታ ወልውለው ዘይት ቀብተውታል። አርቪድ ከሣጥኑ አንድ ጥይት አውጥተው አጎረሱት፤ ያለ ምንም ችግር ገባ። መልሰው አወጡትና ከሌሎቹ ጋር አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ነው አርቪድ ያለቀሱት፤ ቆመው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው።

ክረምቱን በሙሉ እረዳቸው ነበር። ስለዚያ ሳምንት አንድም ቀን አላነሱብኝም፤ ቢያነሱብኝ ይሻለኝ ነበር። ፀደይ ሲገባ አርቪድ ዶሪስ ወደሚኖሩበት ከተማ ወደ አረጋውያን መኖሪያ ተዛወሩ፤ እኔ ሌላ ቤት ተመደብኩ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሲዋርድ ካለው ቤቴ ልወጣ ቦርሳዬን አንግቤ፣ ቁልፉ እጄ ላይ እንዳለ፣ ስልክ ጮኸ።

«ቲሩ፣ ዶሪስ ነኝ። አርቪድ ሞተ። ከግማሽ ሰዓት በፊት ነው።»

«አሁን?» አልኩ።

«አሁን። ገና ለማንም አልተናገርኩም። እሱ ነው ያዘዘኝ፤ ‹ከሁሉም በፊት ለእሷ ደውዪላት፣ ምንም ሳትጨምሪ ንገሪያት፣ ቀብሬ እንዳያመልጣት› ብሎ። ቀብሩ ሰኞ ረፋድ ነው።»

ከጎኔ የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። «ዓለም ኃላፊ ናት» የሚለኝም አልነበረም። ኮሪደሩ ላይ ቁልፌን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ። ለቀብሩ አራት ቀን ነበረኝ፤ አራቱንም ቀን እያወቅሁ ዋልኩ።